ሃሚልተን 992 የኪስ ሰዓት ልገዛ ነው፤ ቁጥሩ ግን አልገጥም አለኝ

አዲስ ሰብሳቢ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የሟች ቤት ዕቃ ሲሸጥ አንድ የኪስ ሰዓት አየሁና ልቤ እዚያው ቀረ። ፊቱ ላይ ሃሚልተን ይላል። ሻጯ የኋላውን ክዳን ከፍታ አሳየችኝ፤ ማሽኑ ላይ 992፣ 21 ጁዌል (የማሽኑ ዘንጎች የሚዞሩባቸው ትናንሽ ድንጋዮች) የሚል ተቀርጿል። 350 ዶላር ብላኛለች። እስከ ሐሙስ ልታቆይልኝ ተስማምተናል።

የከነከነኝ ምን መሰላችሁ፣ መሙያውን ስስበው ንቅንቅ አይልም። ይሞላል፣ ይሄዳል፣ ግን ቆጣሪዎቹን ማስተካከል አልቻልኩም። ደግሞ ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥርና ቀፎው ላይ ያለው ቁጥር ለየቅል ነው። ተገጣጥሞ ይሆን? ሻጯ ቀፎው ወርቅ ነው ትላለች፤ ውስጡ ግን «14 ካራት፣ 25 ዓመት ዋስትና» ይላል። መቼም ዋስትናው ካለፈ ቆይቷል!

ጋሽ ሞላ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ መሙያውን መጎተትህን ተው። ሰዓቱ ምንም አልሆነም። 992 የባቡር ሠራተኛ ሰዓት ነው። የፊቱን መስታወት ከነክፈፉ ወደ ግራ አዙረህ ፍታው። በፊቱ ጠርዝ ሥር ቀጭን የብረት ማንሻ ታገኛለህ። በጥፍርህ ቀስ ብለህ ወደ ውጭ ሳባትና መሙያውን አዙር፤ ቆጣሪዎቹ ይከተሉሃል። ስትጨርስ ማንሻዋን ወደ ቦታዋ መልሳት፣ ከዚያ መስታወቱን ግጠም።

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው መሙያው ኪስ ውስጥ ሳይታወቅ ተስቦ ሰዓቱን እንዳያዛባው ነው። በ1891 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ውስጥ ኪፕተን ላይ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ተላትመው ሰዎች ሞቱ። ለአደጋው ምክንያት የተባለው የአንደኛው ነጂ ሰዓት 4 ደቂቃ ያህል ቆሞ እንደገና መሄዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ዌብ ቦል የሚባል የክሊቭላንድ ሰዓት ነጋዴ ተጠርቶ ጥብቅ ደንብ ወጣ። ክዳን የሌለው ፊት፣ ቢያንስ 17 ጁዌል፣ ፊቱ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ወይም በጎኑ ቢያዝ፣ በ5 አቀማመጥ በትክክል እንዲሄድ የተስተካከለ፣ በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ የማይሳሳት። የአንተም ሰዓት የዚያ ደንብ ልጅ ነው።

ስለ ቁጥሩ አትጨነቅ። እንዲያውም ቢመሳሰሉ ነበር የሚገርመኝ። በዚያ ዘመን በአብዛኛው ማሽኑ የአንድ ፋብሪካ፣ ቀፎው የሌላ ነው። ገዢው ሱቅ ገብቶ ማሽን ይመርጣል፣ እንደ አቅሙ ቀፎ ይመርጣል፣ ባለሱቁ እዚያው ይገጥምለታል። ሃሚልተን ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ላንካስተር ላይ ማሽኑን ይሠራ ነበር፤ ቀፎው የኪስቶን ወይም የክሬሰንት ሊሆን ይችላል። ዕድሜውን የሚነግርህ የማሽኑ ቁጥር ብቻ ነው።

አንተ ይልቅ ጭረቱን እይ። ማሽኑን ከቀፎው ጋር የሚይዙ ብሎኖች ከኋላ ታገኛለህ። የብሎኑ ራስ ቀፎው ላይ ምልክት ይተዋል። ከብሎኖቹ ርቆ ሌላ የቆየ ጭረት ካየህ ቀፎው በፊት ሌላ ማሽን ነበረበት ማለት ነው። ወርቅ በተወደደ ቁጥር ቀፎዎች እየቀለጡ ማሽኖቹ ቤት አልባ ስለሚቀሩ እንዲህ ዓይነት ጋብቻ ብዙ ነው። ለመጠቀም ችግር የለውም። ዋጋ ስትነጋገር ግን አንሳው።

25 ዓመት የሚል ቀፎ ደግሞ ሙሉ ወርቅ አይደለም፤ ናስ ላይ ወርቅ የተለበጠ ነው። ዋስትናው ወርቁ ለዚያን ያህል ጊዜ አይለቅም የሚል ነው። ሙሉ ወርቅ ምን ዋስትና ያስፈልገዋል? መሙያውንና የክዳኑን ጠርዝ ተመልከት። ናሱ ብቅ ብሎ ከሆነ ለቀፎው ብለህ ሳንቲም አትጨምር።

የፒያሳው ሰዓት ሠሪ
ጋሽ ሞላ ጨርሰውታል። እኔ የምጨምረው፣ ይሄዳል ብለህ አትታለል። ፊቱን ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች፣ ከዚያ በጎኑ ይዘህ አዳምጥ። በአንዱ በኩል ከደከመ ወይም ከቆመ የባላንሱ (ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው መንኮራኩር) ዘንግ ጫፍ ተጎድቶ ይሆናል። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው አንድ ጊዜ ወድቆ ከነበረ ነው። ዘይቱ የደረቀ ሰዓት ደግሞ በሄደ ቁጥር ራሱን ይበላል። ማጽጃ ከ200 ዶላር በላይ ሊጠይቁህ ስለሚችሉ 350ው ላይ ደምረህ አስብ። በስልክህ ኪስም አትክተተው። የድሮው የብረት ሞላ ማግኔት ከያዘው እንደ እብድ ይሮጣል።

የአሌክሳንድሪያዋ
ለጀማሪ 992 ምን ያደርግለታል? እኔ የጀመርኩት ባለ 7 ጁዌል ኤልጂን ይዤ ነው። ኤልጂን እኮ ወደ 60 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰዓት የሠራ ፋብሪካ ነው። መለዋወጫው እንደ ልብ ነው፣ ዋጋውም ርካሽ። መጀመሪያ በዚያ እጁን ይፍታ።

ጋሽ ሞላ
እህቴ፣ እጅ ለመፍታት ልክ ነሽ። ግን ሰዓት ሠሪው ለኤልጂኑም ለሃሚልተኑም የሚያስከፍለው ያው ነው። 60 ዶላር ለሚያወጣ ሰዓት 200 ከፍሎ ማጽዳት ለኔ አይዋጥልኝም። ራስሽ የምትፈቺውና የምትገጥሚው ከሆነ ሌላ ነገር። ገንዘቡ ማሽኑ ላይ ይዋል ባይ ነኝ።

አዲስ ሰብሳቢ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ ሄጄ ነበር። ማንሻዋ ተገኘች፣ ቆጣሪዎቹ ዞሩ። ሻጯ ራሷ ደነገጠች። የቆየ ጭረትም አለው። ሳሳያት 280 አደረገችልኝ። የማሽኑን ቁጥር ሳመሳክር የ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በሁሉም አቀማመጥ ይሄዳል፣ ናሱ ግን መሙያው ላይ ታይቷል። ልግዛ?

ጋሽ ሞላ
ግዛው። እስኪጸዳ ግን አትሙላው። ከጸዳ በኋላ በየቀኑ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ሙላው። እኔ አንዱን በሐበሻ ሰዓት አስተካክዬ ነው የምይዘው፤ ሥራ ቦታ ሰዓት የሚጠይቀኝ ፈረንጅ ግራ ይጋባል። ላንካስተር ብቅ ካልክ የሃሚልተን ፋብሪካ ሕንፃ አሁንም አለ፤ ሰው ይኖርበታል። እዚያው ፔንሲልቬኒያ፣ ኮሎምቢያ የምትባል ከተማ ያለው የሰዓት ሙዚየምም ቅርብ ነው። የሰዓቱን ማንጠልጠያ ሰንሰለት ግን ከሻጯ እንዳትገዛ። ያወረደችልህን 70 ዶላር እዚያ ላይ ነው የምትመልሰው።