የፓፑዋ ከበሮ፦ ቆዳው ላይ የተለጠፈው ነገር ይፋቅ?

ከዚራ_ሰፈር፦ ሰላም ለቤቱ። ከፓፑዋ ኒው ጊኒ የመጣ ከበሮ ነው፤ ያለው ድሬ ነው። ወገቡ ቀጭን፣ ፊቱ አንድ፣ ታቹ ክፍት፣ እጀታው ከዚያው ግንድ የተፈለፈለ። ቆዳው መሃል ላይ አምስት ጥቋቁር ጉብታዎች አሉ፤ አንዱ ወደ ዳር ተንሸራቷል። ጠርዙም ሁለት ጣት ያህል ለቋል። ጉብታዎቹ ይፋቁ? ጠርዙስ በሱፐር ግሉ ይያዝ? ለኤግዚቢሽን ነው፣ ካርዱ ላይ ምን ይጻፍ?

ጀጎል_05፦ ኧረ እንዳይፋቅ! መቃኛው እኮ ነው። የእኛ ከበሮ ሲረግብ ጠፍሩ ይወጠራል። ይህ ኩንዱ የሚባለው የፓፑዋ ከበሮ ግን ጠፍር የለውም፤ ቆዳው፣ ብዙ ጊዜ የአርጃኖ፣ አፉ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ስለዚህ የንብ ሰም ወይም የዛፍ ሙጫ ተድቦልቡሎ መሃሉ ላይ ይለጠፋል። ሰም ሲጨመር ድምፁ ይወፍራል፣ ሲነሳ ይቀጥናል። የተንሸራተተውን በጣት አሙቆ መመለስ ነው። ከጎደለ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ንጹሕ የማር ሰም ይበቃል። የሱቅ ሻማ አይሆንም፣ ደርቆ ይረግፋል።

ሳቢያን_አናጢ፦ ሱፐር ግሉ ይቅር። እንደ መስታወት ይደርቃል፤ ቆዳው ሲሳብ እዚያው ጫፉ ላይ ይቀደዳል። ጠርዙን የነቀለውም የድሬ ደረቅ አየር ነው፦ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ አሮጌው ማጣበቂያ አይችለውም። የላላውን ጫፍ ብቻ በእርጥብ ጨርቅ አሥር ደቂቃ ማለስለስ፣ የአናጢ ኮላ በስሱ መቀባት፣ ከብስክሌት ካላማዳሪያ በተቆረጠ ቀለበት ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ ጥላ ውስጥ 24 ሰዓት መተው። ሙሉ ቆዳውን የነከረ ሰው ሰሙንም ቅኝቱንም ያጣል።

እሳት ማሳየት የሚባለውን ተዉት። እነሱ አገር እርጥበት ቆዳውን ስለሚያረግበው ፍም ላይ ያሞቁታል። እዚህ ግን ቀድሞውኑ ተወጥሯል፣ ፍም ከተጨመረበት ይተረተራል።

ጀጎል_05፦ ለካርዱ፦ «ኩንዱ» በፓፑዋ ኒው ጊኒ የሚነገረው የቶክ ፒሲን ቋንቋ ስም ነው፤ በኢንዶኔዥያ በኩል ባለው ፓፑዋ «ቲፋ» ይባላል። አንድ እጅ እጀታውን ይይዛል፣ ሌላው በመዳፍ ይመታል፤ ዱላ የለም፣ ጨፋሪውም መቺውም አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። በፓፑዋ ኒው ጊኒ አርማ ላይ ከገነት ወፏ ሥር፣ ከጦር ጋር አለ። በኢንዶኔዥያው ፓፑዋ ያሉት አስማት የሚባሉ ሕዝቦች ደግሞ ቆዳውን በኖራና በሰው ደም ያጣብቁ ነበር፤ ይህን ለሕፃናት ካርድ አልመክርም። ብቻ «የፓፑዋ ከረቡ» ተብሎ እንዳይጻፍ። ከረቡ የሐረሪ ከበሮ ነው፣ ዚክሪ (መንፈሳዊ ዜማ) ላይ ከከበል፣ ከሚጋጨው እንጨት፣ ጋር የሚመታው።

ከዚራ_ሰፈር፦ ቁም ሳጥን ላይ ቢቀመጥስ?

ሳቢያን_አናጢ፦ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ በፍጹም። ሰሙን ያንሸራተተው ያ ሙቀት ነው። ታች፣ ከመስኮት ራቅ አድርጎ፣ በነጠላ ተሸፍኖ፤ ፊቱ ላይ ምንም ሳይጫን።