«ፉልሰም» ምስጋና ነው ወይስ ስድብ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ እንግሊዝኛ የሚገባችሁ ድረሱልኝ። ኮምቦልቻ አንድ ልብስ ፋብሪካ ነው የምሠራው። የውጭ አገር ሰው የሆነው ኃላፊያችን ወደ አገሩ ሊመለስ ነው፤ የመሸኛ ደብዳቤውን አንቺ ጻፊ ተባልኩ። «ፉልሰም (fulsome) ምስጋናችንን እናቀርባለን» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። «ፉል» ሙሉ ማለት ስለሆነ የተሟላ ምስጋና መስሎኝ ነው። ሒሳብ ክፍል ያለች ጓደኛዬ አየችውና «ኧረ አውጪው፣ ስድብ ነው» አለችኝ። አንዱ መዝገበ ቃላት «የተትረፈረፈ» ይላል፣ ሌላው «ከልክ ያለፈ»። ሰውየውን ከልቤ ነው የማከብረው። ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት ማሽኑ ክር እየበጠሰ ሲያስለቅሰኝ አጠገቤ ቁጭ ብሎ መርፌ አቀያየር ያሳየኝ እሱ ነው። ነገ ጠዋት ይታተማል!

መምህሩ፦
እህቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ናት። መዝገበ ቃላቶቹም አልዋሹሽም። ቃሉ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ «ብዙ፣ የተትረፈረፈ» ማለት ነበር። ቆይቶ ቶሎ ለሚያጠግብና ለሚያንገሸግሽ ምግብ ተባለ፣ ከዚያ ወደ ንግግር ተሻገረና ሰሚን የሚያስቀይም ሙገሳ ሆነ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የድሮው በጎ ትርጉም እንደገና ተመለሰ፤ ዛሬ ዜና ላይ «ፉልሰም ይቅርታ» ሲሉ «ሙሉ ይቅርታ» ማለታቸው ነው። ግን ብዙ አንባቢ አሁንም ፊቱን ያጨማድዳል። ሽንገላ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ አልስማማም። ሽንገላ ውስጥ ተንኮል አለ። ፉልሰም የሆነ ሰው ከልቡም ሊሆን ይችላል፣ ጥፋቱ መጠን ማጣቱ ነው። ስብሰባ ላይ ተነስቶ «እርስዎ ባይኖሩ ፀሐይም አትወጣልንም» የሚለውን ሰው አስቢ።

የደሴዋ፦
እኔ ፒያሳ አካባቢ ደብዳቤ እተረጉማለሁ። አንባቢ ሁለት ጊዜ የሚያስብበትን ቃል ደብዳቤ ላይ አላስቀምጥም፣ «ሲንሲር» (ከልብ የሆነ) በቂ ነው። ደግሞ እኛ ወሎዎች ነገር ማብዛት የለመድነው ከምርቃት ነው። እናቴ ቡናው በረካ እስኪደርስ ስትመርቅ ማንም አይሰለችም፣ «አሚን» እያልን እንቀበላለን። ምርቃት ለሰውየው ከፈጣሪ መለመን ነዋ! ሙገሳ ግን ራሱ ሰውየው ላይ ነው የሚቆለለው፣ ሲበዛ ያሳፍረዋል። ስለ መርፌው የነገርሽንን ጻፊለት።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ፉልሰምን አወጣሁት። «ከልብ እናመሰግናለን» አልኩና ከሥሩ የመርፌውን ነገር በሁለት መስመር ጻፍኩ። ለጓደኛዬ ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችኝና «ይሄ ይታተም» አለች።