36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያለ ሽቦ የመጣ ሲግናል 30 ሜትር ገመድ እንዴት ያቅተዋል?

የሽምብጧ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው የምንኖረው፣ ከጣና ብዙም አንርቅም። ሰሞኑን ሪሲቨሩን ከሳሎን ወደ እናቴ ክፍል አዛወርነውና የዲሹ ገመድ ስላልደረሰ ቀጥለንበት ወደ 30 ሜትር ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንዳንዱ ቻናል ይቆራረጣል፣ አንዳንዱ ደህና ነው፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጭራሽ "ሲግናል የለም" ይላል። ዲሹን ማንም አልነካውም። መፍትሔውን እፈልጋለሁ፣ ግን ይበልጥ የከነከነኝ ሌላ ነው። ሳተላይቱ ያለው 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። ያን ሁሉ መንገድ በባዶ ሕዋ መጥቶ፣ እኛ ቤት ሲደርስ ሽቦ ተዘርግቶለት እንዴት 30 ሜትር ያቅተዋል? ሽቦ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሮን ነው ተብለን ነው የተማርነው። ሕዋ ላይ ታዲያ የሚመጣው ምንድነው?

ዲሽ ሰሪው፦
እህቴ፣ የቀጠላችሁት በምንድነው? መዳቡን ከመዳቡ ጠምዝዛችሁ በናስትሮ ከጠቀለላችሁት ችግሩ እሱ ነው። በተለይ ቅጥያው ጣራ ላይ ከሆነ። ሐይቁ ዳር ያሉ ቤቶች ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ የሌሊቱ ጤዛ በናስትሮው ሥር ይገባና ጠዋት ሲግናሉ ይወርዳል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይመለሳል። ደህና ገመድ 30 ሜትር አያቅተውም። አንድ ወጥ ገመድ ግዙ። ወደ ቤት ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ጎንበስ አድርጉት፣ ውሃው እዚያው ይንጠባጠባል።

የፊዚክስ መምህር፦
ዲሽ ሰሪው ያለው ትክክል ነው፣ እኔ ለምን እንደሆነ ልጨምር። የገመዱን ጫፍ ቆርጠሽ እዪው። መሐል መዳብ አለ፣ ዙሪያውን ነጭ ፕላስቲክ፣ ከዚያ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ሽቦ። ሁላችንም ሲግናሉ መዳቡ ውስጥ የሚሄድ ይመስለናል። የሚሄደው ግን ነጩ ፕላስቲክ ውስጥ ነው፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል። ተጓዡ የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ነው። ኤሌክትሮኖቹ እዚያው ባሉበት ወዲህ ወዲያ ይወዛወዛሉ እንጂ ከዲሹ ተነስተው ሪሲቨሩ ጋ አይደርሱም። ብረቱ ለመስኩ እንደ ቦይ ዳርቻ ሆኖ መንገዱን ያሳየዋል።

ሕዋ ላይም የሚመጣው ያው መስክ ነው። የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ መስክ ማግኔት ይፈጥራል፣ የሚለዋወጥ ማግኔት መስክም ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፣ እንዲህ እየተዋለዱ ይሄዳሉ። የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል ይህን በ1865 እ.ኤ.አ. በሒሳብ አሳየ፣ ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ሄርትዝ ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ በሙከራ አረጋገጠው። የጣና ማዕበል ውሃ ያስፈልገዋል፣ ይሄኛው ምንም አያስፈልገውም። በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ከሳተላይቱ እናንተ ጣራ ለመድረስ 0.12 ሰከንድ ይበቃዋል። ገመድ ውስጥ ፕላስቲኩ ትንሽ ያዘገየዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ሕዋ ላይ ሲግናሉን የሚበላው ነገር የለም፣ እየተበተነ ብቻ ነው የሚሳሳው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ስለዚህ አሁን ካለበት ሩብ እንዲሆን ሌላ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር መራቅ አለበት። ገመድ ውስጥ ግን አይበተንም፣ ይበላል። ኤሌክትሮኖቹ በተወዛወዙ ቁጥር ብረቱ ይሞቃል፣ ሙቀቱም የሚወጣው ከሲግናሉ ላይ ነው። በተለመደው አርጂ 6 ገመድ፣ በ1 ጊጋኸርዝ (በሰከንድ ቢሊዮን ጊዜ ሲወዛወዝ)፣ ከ30 ሜትር በኋላ የሚቀረው ሩብ ገደማ ነው። ከ60 ሜትር በኋላ የሩብ ሩብ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም በሰከንድ የሚወዛወዝበት ብዛት፣ ከፍ ሲል ደግሞ ይብሳል፣ አንዳንዱ ቻናል ቀድሞ የሚቆራረጠው በዚህ ሊሆን ይችላል። ዲሹ ፊት ያለው ኤልኤንቢም ለዚህ ነው በ11 እና 12 ጊጋኸርዝ የሚመጣውን አጉልቶ ወደ 1 እና 2 ዝቅ የሚያደርገው። በመጣበት ቢለቀው ገመዱ ይጨርሰዋል።

ቅጥያችሁ ላይ ደግሞ በመዳቡና በሹሩባው መካከል ያለው ርቀት ተበላሽቷል። መስኩ እዚያ ሲደርስ መንገዱ ይለወጥበታል፣ ከፊሉም ወደ መጣበት ይመለሳል። ውሃ ከገባ የባሰ ነው።

የሽምብጧ፦
መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ ነጩ ፕላስቲክ ውስጥ ነው ሲሉኝ በጣም ገረመኝ። እና ክረምት ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል የሚጠፋውስ?

የፊዚክስ መምህር፦
ያኔ የሚበላው አየሩ ላይ ነው። የሞገዱ ርዝመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የዝናብ ጠብታዎቹ ከፊሉን ይውጡታል፣ ከፊሉን ይበትኑታል። ዲሹ ትልቅ ከሆነና በደንብ ከተስተካከለ ቶሎ አይጠፋም።

የሽምብጧ፦
ዛሬ ወንድሜ ጣራ ላይ ወጥቶ ቅጥያውን ፈታው። ናስትሮው ውስጥ ውሃ ነበር፣ መዳቡም አረንጓዴ ዝገት ይዟል። አንድ ወጥ ገመድ ገዝተን ቀየርነው፣ አሁን የእናቴ ቻናሎች ሁሉም ይሠራሉ። ዲሽ ሰሪው፣ አንተንም አመሰግናለሁ።