አሚጋ 600 ሃርድ ዲስኩን አላይ አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ፍራንክፈርት)

ጤና ይስጥልኝ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። ኮሞዶር አሚጋ 600 ላይ ሃርድ ዲስክ ልገጥም ስታገል ሦስት ቀን ሆነኝ። ኮምፒውተሩ የአባቴ ነው። ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ባለፈው ወር ዕቃውን ስናነሳ ከአሚጋው ጋር 43 ፍሎፒ ዲስኮች አገኘሁ፤ ላያቸው ላይ በራሱ እጅ «ደብዳቤ»፣ «የማኅበር ሂሳብ» እያለ ጽፎባቸዋል። ፍሎፒዎቹ ሳይበላሹ ይዘታቸውን ወደ ሃርድ ዲስክ ማዛወር እፈልጋለሁ።

ሃርድ ዲስኩ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ 2.5 ኢንች፣ 40 ጊጋባይት ነው። 44 ፒን ባለው አጭር ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሰካሁት። ሲበራ ሲሽከረከር ይሰማኛል። ስክሪኑ ላይ ግን የሚመጣው ያው «ዲስክ አስገባ» የሚለው ሥዕል ነው። በዎርክቤንች (የአሚጋው ዋና ሥርዓት) ፍሎፒ አስነስቼ፣ ሃርድ ዲስክ የሚያዘጋጀውን ፕሮግራም ኤችዲ ቱልቦክስን ከኢንስቶል ዲስኩ ስከፍተው የድራይቭ ዝርዝሩ ባዶ ነው። ዲስኩን በሌላ ኮምፒውተር ሞክሬዋለሁ፤ ደህና ነው።

መላሽ (ስቶክሆልም)

ነፍሱን ይማርልን። መጀመሪያ የገመዱን አቅጣጫ እይ። ቀዩ ጠርዝ በሁለቱም ጫፍ ወደ ፒን 1 መዞር አለበት። በማዘርቦርዱ ላይ ቁጥሩ በትንሹ ታትሟል፤ ባትሪ ይዘህ ፈልገው። ቀጥሎ የዲስኩን ጃምፐር፣ ማለትም ፒኖቹ ላይ የምትሰካውን ትንሽ ማገናኛ፣ ተመልከት። «ማስተር» (ዋና ዲስክ) ላይ መሆን አለበት፤ በብዙ የላፕቶፕ ዲስኮች ማስተር ማለት ጃምፐሩን ጨርሶ ማውጣት ነው። እኔ አሚጋ 1200 ላይ ስገጥም ያስቸገረኝ ይኸው ጃምፐር ነበር።

መላሽ (ዋሽንግተን)

እኔ የምጠረጥረው ፍጥነቱን ነው። አሚጋው ሲበራ ዲስኩን ወዲያው ይጠይቃል፤ ዲስኩ ደግሞ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ እስኪደርስ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል። ስለዚህ አብራው፣ አሥር ሰከንድ ያህል ጠብቅ፣ ከዚያ ሳታጠፋው ኮንትሮልንና ሁለቱን የአሚጋ ቁልፎች አንድ ላይ ተጫን። ዲስኩ እየተሽከረከረ ስለሚቆይ በሁለተኛው መነሳት ሊያየው ይችላል። ሲነሳ ሁለቱንም የማውስ ቁልፎች ይዘህ ብትቆይ የማስነሻ ምርጫው ይመጣልሃል፤ ዲስኩ እዚያ ከተዘረዘረ ታውቋል ማለት ነው።

መላሽ (ኮሎኝ)

የዋሽንግተኑ ወንድማችን ምክር ጥሩ ነው፤ የመጨረሻውን ብቻ ላርም። ዲስኩ በአሚጋ ሥርዓት ካልተከፋፈለ የማስነሻ ምርጫው ውስጥ አይወጣም፤ ስለዚህ እዚያ አለመኖሩ ምንም አያረጋግጥም። ያልተከፋፈለን ዲስክ ሊያሳይህ የሚችለው ኤችዲ ቱልቦክስ ነው፤ አንተ ዘንድ ደግሞ እሱም ባዶ ነው።

ገመዱም ተገልብጧል ብዬ አላምንም። የ44 ፒኑ ገመድ 5 ቮልቱን የሚያስተላልፈው በፒን 41 እና 42 ነው። ቢገለበጥ ኖሮ ኤሌክትሪኩ የመረጃ ፒኖች ላይ ያርፍ ነበር፤ ዲስኩም አይሽከረከርም ነበር። አንተ «ሲሽከረከር ይሰማኛል» ብለሃል።

አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። በፍሎፒ አስነሳው፣ ሼል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈት፣ «ቨርዥን» የሚለውን ትእዛዝ ጻፍና ኪክስታርት፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስነሳው ሶፍትዌር፣ ስንት እንደሆነ ንገረኝ። ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ሦስት አኃዞች አትርሳ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጠያቂ (ፍራንክፈርት)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጃምፐሩን አወጣሁ፤ በሦስቱ ቁልፎችም ደጋግሜ አስነሳሁት፤ ለውጥ የለም። ኪክስታርቱ 37.299 ይላል።

መላሽ (ኮሎኝ)

በቃ፣ ተገኘ። ጥፋቱ የአንተም የዲስኩም አይደለም።

አሚጋ 600 እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1992 ነው የወጣው። ኮሞዶር ያሰበው «አሚጋ 300» የሚባል ርካሽ ማሽን ነበር፤ ከዚያ ሃርድ ዲስክ ማገናኛ ተጨምሮበት 600 ተባለ። የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ግን 37.299 የሆነ ሮም (ኪክስታርትን የያዘው ቺፕ) ይዘው ወጡ፤ በዚያ ሮም ውስጥ ደግሞ ሃርድ ዲስኩን የሚያናግረው ሶፍትዌር የለም። ማገናኛው ማዘርቦርዱ ላይ አለ፣ ኤሌክትሪኩም ይደርሳል፤ የሚያነጋግረው ግን የለም። ሃርድ ዲስክ የሚያውቁት 37.300 እና 37.350 ናቸው። እኔም በጊዜው ሁለት ገመድና አንድ ዲስክ ገዝቼ ነው የደረስኩበት፤ ያኔ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም፤ አንተ ስላገኘህ ደስ ብሎኛል።

መፍትሔው ሮሙን መቀየር ነው። ለ600 የሚሆነው ኪክስታርት 3.1፣ ማለትም 40.63፣ ዛሬም ይሸጣል። ሮሙ ሶኬት ላይ ስለተቀመጠ ብየዳ አያስፈልገውም። አሮጌውን ከማንሳትህ በፊት ፎቶ አንሳው። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከአንዱ ጫፍ፣ ከዚያ ከሌላው ጫፍ እያስገባህ ቀስ በቀስ ከፍ አድርገው፤ በአንድ ጊዜ ከመዘዝከው እግሮቹ ይጣመማሉ። አዲሱን ልክ አሮጌው በነበረባቸው ቀዳዳዎች፣ የጫፉ ጎድጓዳ ምልክት ወደ ነበረበት ዞሮ አስቀምጠው። አሮጌውንም አትጣለው፤ የማሽኑ አካል ነው።

ከሮሙ ጋር የዎርክቤንች 3.1 ፍሎፒዎችንም አብረህ ያዝ፤ ስድስት ናቸው። ኤችዲ ቱልቦክስን ከአዲሱ ኢንስቶል ዲስክ ተጠቀም።

መላሽ (አዲስ አበባ)

እኔ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነኝ። ክዳኑ ከተከፈተ አይቀር ማዘርቦርዱ ላይ የተጣበቁትን ትንንሽ ክብ ካፓሲተሮች ተመልከታቸው። የአሚጋ 600 እና 1200 ካፓሲተሮች በዕድሜ ብዛት ፈሳሽ ያወጣሉ፤ ፈሳሹ የመዳብ መስመሮቹን ይበላል። ዙሪያቸው ያለው ብየዳ ደብዝዞ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ካየኸው፣ ወይም ቦርዱ ሲሞቅ የዓሣ ሽታ የሚመስል ነገር ከሸተተህ፣ ሮሙን ከመቀየርህ በፊት ለሚችል ባለሙያ ስጠው። የሃርድ ዲስኩን ሥርም በደረቅ ካርቶን ለየው። ብረቱ ቦርዱን ከነካ ኮምፒውተሩም አባትህ ያስቀመጠልህም ነገር አደጋ ላይ ይወድቃል።

ጠያቂ (ፍራንክፈርት)

ካፓሲተሮቹን እዚህ ያለ አንድ ጠጋኝ ቀየረልኝ፤ ሁለቱ በእርግጥ መፍሰስ ጀምረው ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የአዲስ አበባው ወንድሜ። ሮሙም ደረሰ፣ ገጠምኩት። ኤችዲ ቱልቦክስ ዲስኩን አየው! ከመከፋፈሌ በፊት ግን ልጠይቅ፦ 40ውንም ጊጋባይት ልጠቀምበት?

መላሽ (ኮሎኝ)

አይሆንም፤ እዚህ ላይ እጅግ ተጠንቀቅ። የ3.1 ሶፍትዌር በዲስኩ ላይ ያለን ቦታ የሚቆጥረው በ32 ቢት ነው፤ ስለዚህ ከ4 ጊጋባይት፣ በትክክል ከ4,294,967,296 ባይት በላይ መቁጠር አይችልም። ከዚያ ያለፈ ነገር እንዲጽፍ ካዘዝከው ቁጥሩ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምርና በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ይጽፋል። እዚያ ያለው ደግሞ የክፍፍሉ ሰንጠረዥና የመጀመሪያው ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍል) ነው። ለሳምንታት ደህና ሲሠራ ቆይቶ አንድ ቀን ሁሉንም ያጠፋብሃል።

ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ 4 ጊጋባይት ውስጥ ብቻ ውሰድ። አንድ 500 ሜጋባይት የሚሆን ለዎርክቤንች፣ አንድ 1 ጊጋባይት ለአባትህ ዲስኮች፤ የቀረው ባዶ ይሁን። አንድ የአሚጋ ፍሎፒ 880 ኪሎባይት ነው፤ 43ቱም ሲደመሩ 40 ሜጋባይት አይሞሉም። «አስቀምጥ» ብለህ ድጋሚ ስታስነሳው ፓርቲሽኖቹ «ኤንዶስ» የሚል ስም ይዘው ይመጣሉ፤ አትደንግጥ፣ ፎርማት አልተደረጉም ማለት ነው።

መላሽ (ስቶክሆልም)

አንድ ነገር ልጨምር። ወደፊት ዲስኩን አውጥተህ ዊንዶውስ ካለው ኮምፒውተር ጋር ብታገናኘው «ዲስኩ አልታወቀም፣ ላዘጋጀው?» ብሎ ይጠይቅሃል። እምቢ በል። እሺ ካልከው የአሚጋውን ሰንጠረዥ ያበላሸዋል። ዊን ዩኤኢ የሚባለው፣ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አሚጋን የሚያስመስለው ፕሮግራም ዲስኩን እንዳለ ያነበዋል፤ ፋይሎቹን በዚያ በኩል ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ታወጣለህ። የፍሎፒዎቹንም የመቆለፊያ ቀዳዳ ሁሉንም ክፈተው። ቀዳዳው ሲታይ ተቆልፏል ማለት ነው፤ በስህተት አይጻፍባቸውም።

ጠያቂ (ፍራንክፈርት)

ዎርክቤንች ከሃርድ ዲስኩ ተነሳ። እስካሁን 30 ፍሎፒ ገልብጫለሁ። «ደብዳቤ» የሚለውን የመጀመሪያውን ከፈትኩ። ጀርመንኛ መስሎኝ ነበር፤ አማርኛ ነው። ማሽኑ ላይ ፊደል ስላልነበረው በላቲን ፊደል ነው የጻፈው። «ውድ እናቴ፣ እንደምን ከርመሻል» ይላል። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ድምፁን እየሰማሁ ነው ያነበብኩት።

31ኛው ግን ሲገባ ይፋጫል፣ «የማንበብ ስህተት» ይለኛል። አምስት ጊዜ ሞከርኩት።

መላሽ (አዲስ አበባ)

ስድስተኛ አትሞክረው፣ አሁኑኑ አውጣው። የብረት ክዳኑን በጣትህ ወደ ጎን ገፋ አድርግና ቡናማውን ሳህን በብርሃን እየው። ነጭ ነጠብጣብ ወይም ክብ ጭረት ካለ ሻጋታ ነው። ሻጋታው የማንበቢያውን ጭንቅላት አቆሽሿል፤ በዚያው ጭንቅላት ቀጣዩን ዲስክ ብታስገባ ደህናውንም ይጭረዋል። ጭንቅላቱን በንጹሕ አልኮል በተነከረ የጥጥ እንጨት በእርጋታ ጥረገው፣ እስኪደርቅ ጠብቅ፣ ከዚያ ጥቅም በሌለው ፍሎፒ ፈትሸው። 31ኛውን ለብቻው አስቀምጠውና የቀሩትን 12 ጨርስ። እሱን በመጨረሻ አብረን እናየዋለን።