ሌሊት በራሱ የሚነሣና በግንቦት ውሃ የማይስብ የጉድጓድ ፓምፕ

ጠያቂ (ዘንዘልማ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከባሕር ዳር የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ዘንዘልማ ነው። በግቢያችን በእጅ የተቆፈረ፣ 11 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አለ። ዓምና በጥቅምት አንድ ፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ አስቀምጬ፣ ውሃን በግፊት ከሚይዝ የ24 ሊትር ፕሬዠር ታንክና ግፊቱ ሲወርድ ፓምፑን ከሚያስነሣው፣ ሲሞላ ከሚያጠፋው ፕሬዠር ስዊች ጋር አስገጥሜ ውሃውን ወደ ቤት አስገባሁ፤ እስከ ጥርም ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ ወዲህ ግን እጄን ለመታጠብ ቧንቧ በከፈትኩ ቁጥር ፓምፑ ሦስት አራት ጊዜ ይነሣል፣ ይጠፋል። ሌሊትም ማንም ሳይከፍት ስዊቹ ጠቅ ሲል እሰማለሁ፤ ፓምፑም ለጥቂት ሰከንድ ጮኾ ዝም ይላል። ከሚያዝያ ጀምሮ ደግሞ ጭራሽ መሳብ ተስኖታል። ድንጋይ ባሰርኩበት ገመድ ስለካው ውሃው ከአፉ 7 ሜትር ተኩል ወርዷል፤ የፓምፑ መመሪያ ግን እስከ 9 ሜትር ይስባል ይላል። የገጠመልኝ ሰው ፓምፑም ታንኩም በትልቅ ይቀየሩ ብሎኛል። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት የምታውቁትን እንድትነግሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ (የፓምፕ ጥገና ባለሙያ)፦
ወንድሜ፣ ታንኩን ለመቀየር አይቸኩሉ። ታንኩ ውስጥ የጎማ ከረጢት አለ፤ ውሃው በከረጢቱ ውስጥ፣ አየሩ በውጭ በኩል ነው። ፓምፑ ሳይነሣ ቧንቧው ውሃ የሚሰጠው ያ አየር ከረጢቱን ስለሚገፋው ነው። አየሩ ካነሰ ግን የሚገፋ ነገር አይኖርም፤ ጥቂት ውሃ እንደወጣ ግፊቱ ወዲያው ይወድቅና ስዊቹ ፓምፑን ያስነሣዋል። ሞተር በሥራው ብዛት ሳይሆን በመነሣቱ ብዛት ይቃጠላል፤ ስለዚህ ይህን ሳይፈትሹ አንድ ሌሊት እንኳ አይደሩ።

ብሬከሩን ያጥፉ፣ ቧንቧ ከፍተው የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ዜሮ እስኪሆን ያፍስሱ፣ ከዚያ የታንኩን የአየር ቫልቭ ክዳን ያውልቁ። ቫልቩ እንደ መኪና ጎማ ያለ ስለሆነ ከጎሚስታ የአየር መለኪያ ቢዋሱ ይበቃዎታል። መርፌውን ሲጫኑት ውሃ ከወጣ ከረጢቱ ተቀዷል ማለት ነው፤ አየር ብቻ ከወጣ ደግሞ ይለኩት። ስዊችዎ በ1.4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አስነሥቶ በ2.8 ባር የሚያጠፋ ከሆነ፣ ባዶው ታንክ 1.2 ባር አየር ሊኖረው ይገባል። በዚህ ልክ ሲሞላ የ24 ሊትር ታንክ ፓምፑ ዳግም እስኪነሣ ድረስ 8 ሊትር ገደማ ይሰጣል፤ 24 ሊትር ይሰጣል ብለው እንዳይጠብቁ።

የሌሊቱ መነሣት ሌላ ነገር ነው። ከታንኩ ወደ ቤት የሚሄደውን ባልቦላ ዘግተው ጌጁን ይመልከቱ። ካልወረደ የሚያፈሰው ቤት ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሽንት ቤቱ መልቀቂያ ውሃ ማጠራቀሚያ ሆኖ ይገኛል። ከወረደ ግን በመሳቢያው ቧንቧ ጫፍ ያለው፣ ውሃን ወደ ላይ ብቻ ማሳለፍ የሚገባው ፉት ቫልቭ ውሃውን ወደ ጉድጓዱ እየመለሰው ነው።

መልስ (ከሽምብጥ)፦
ስለ 9 ሜትሩ አንድ ነገር ልጨምር። ፓምፕ ውሃ «ይስባል» ብንልም፣ በእርግጥ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአካባቢያችን አየር ክብደት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ያ ክብደት ውሃን እስከ 10 ሜትር ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ጣናና ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ እዚህ ከ8 ሜትር ብዙም አያልፍም። የቧንቧው ርዝመት፣ ክርኖቹና ፉት ቫልቩ የሚወስዱት ሲቀነስ በእጅዎ የሚቀረው 6 ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ 7 ሜትር ተኩል ላይ መቆሙ ጥፋቱ የፓምፑ አይደለም፤ ሁለት ፈረስ ጉልበት ያለው ቢያስገጥሙም ከላይ ሆኖ ያው ነው።

አንዳንዶች ፓምፑን ጉድጓዱ ውስጥ መደርደሪያ ሠርተው ያወርዱታል። እባክዎ ይህን አያድርጉ። በነሐሴ ውሃው ሽቅብ ሲመጣ ፓምፑን ያሰጥመዋል። ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ ማስነሣት ደግሞ ጭሱ ታምቆ ስለሚቀር ሰው ይገድላል። መፍትሔው ውሃ ውስጥ የሚጠልቀው ፓምፕ ነው። ከ7 ሜትር ተኩል አንሥቶ ቤት ውስጥ 2.8 ባር ለመስጠት፣ ማለትም ሌላ 28 ሜትር ለመግፋት፣ የቧንቧውን ብክነት ጨምሮ 45 ሜትር የሚገፋ ቢመርጡ ይበቃዎታል። በኤሌክትሪክ ገመዱ ሳይሆን በናይለን ገመድ ይንጠልጠል፤ ጭቃ እንዳይስብም ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ይበል። ውሃው ሲጎድል የሚያጠፋው ተንሳፋፊ ስዊችና በኤሌክትሪክ ፍሳሽ ጊዜ የሚቆርጥ ብሬከር ሳይኖረው ፈጽሞ እንዳያስነሡት።

መልስ (ከሰባታሚት)፦
እኔ በበኩሌ ፕሬዠር ታንኩን ትቼ ሮቶ ማማ ላይ አውጥቻለሁ፤ መብራት ሲጠፋም ልጆቼ ውሃ አያጡም። ማማው 4 ሜትር ስለሆነ ግፊቱ 0.4 ባር ብቻ እንደሆነና የሻወር ማሞቂያው በዚያ እንደማይነሣ አልክድም። ቢሆንም ለእኛ ሰፈር ይሻላል እላለሁ። ስለ ውሃው ንጽሕና ማንም ስላላነሣ ደግሞ ልናገር፦ የእርስዎም የጎረቤትም መጸዳጃ ጉድጓድ ከውሃው ቢያንስ 30 ሜትር መራቁን ይለኩ። ቧንቧ ስለገባለት ብቻ ሳያፈሉ ወይም ሳያክሙ አይጠጡት።

ጠያቂ (ዘንዘልማ)፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አየሩን ስለካው 0.3 ባር ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ መርፌውን ስጫነው ግን ውሃ አልወጣም። በብስክሌት መንፊያ እስከ 1.2 ሞላሁትና ውሃ ከላይ በባልዲ ወደ ፓምፑ አፍስሼ ፓምፑን በጭንቅ አስነሣሁት፤ አሁን ባለ 10 ሊትር ባልዲ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው የሚነሣው። ባልቦላውን ዘግቼም ጌጁ ስለወረደ ቧንቧውን ከጉድጓዱ አወጣሁት። በፉት ቫልቩ ጎማና በመቀመጫው መካከል የምስር ፍሬ የምታህል ጠጠር ተሰክታ ነበር። ሌሊት እንቅልፍ የነሣችኝ እርሷ ናት።

ጎረቤት ያለው መጸዳጃ በእርምጃ ሲለካ 22 ሜትር ገደማ ሆነብኝ፤ ስለዚህ የሚጠጣውን እናፈላለን። የሚጠልቀውን ፓምፕ ክረምቱ ሳይገባ፣ ውሃው እንደወረደ ሳለ አስገጥማለሁ፤ ያኔ የሚንጠለጠልበትን ጥልቀት በዝቅተኛው ውሃ ልክ መወሰን እችላለሁና። ታንኩ ያው 24 ሊትሩ ይሆናል።