ክርክር፦ የወርቅ ኢቲኤፍ የእውነተኛውን ወርቅ ገዢ እየቀማ ነው?

አወያይ፦ ለማያውቀው፣ ኢቲኤፍ እንደ አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ የፈንድ ድርሻ ነው። የወርቁ ዓይነት ከሆነ ከድርሻው ጀርባ ካዝና ውስጥ የተቆለፈ ወርቅ አለ። ሰው ይህን ሲገዛ ለራሱ ለወርቁ ያለው ፍላጎት ያድጋል ወይስ ይቀንሳል? ግቡበት። ዓመት ስትጠቅሱ በፈረንጆቹ ይሁን።

ጠርጣሪው፦ ምን ጥያቄ አለው? ይቀንሳል። ድሮ ገንዘቡን ወርቅ ላይ ማስቀመጥ የፈለገ ሰው ሳንቲም ወይም ጥፍጥፍ ይገዛ ነበር። አሁን ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ ይጨርሳል። እጁ የገባ ነገር የለም። ወርቁን ስጡኝ ቢልም በአብዛኞቹ ፈንዶች ተራ ባለድርሻ አይሰጠውም።

ካዝና ጠባቂ፦ ቆይ፣ አሠራሩን ሳናይ አንፍረድ። በ2004 ኒውዮርክ ላይ የወጣውን ጂኤልዲ የተባለ የወርቅ ፈንድ ውሰድ። ገዢ በዝቶ የድርሻው ዋጋ ከወርቁ በላይ ሲወጣ፣ ከፈንዱ ጋር የተዋዋሉ ትልልቅ ነጋዴዎች ጥፍጥፍ ወርቅ ለንደን ካዝና ያስገባሉ። በምትኩ አዲስ ድርሻ ይወስዳሉ፣ በአንዴ 100,000። ትርፋቸው የዋጋ ልዩነቱ ነው። አንዱ ጥፍጥፍ ወደ 400 አውንስ፣ ማለትም 12.5 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። የእያንዳንዱ መለያ ቁጥርም በዝርዝር ይወጣል።

ጠርጣሪው፦ እኔ ካንተ ድርሻ ብገዛስ?

ካዝና ጠባቂ፦ ያኔ አንድ ግራም አይነቃነቅም። ወርቅ የሚንቀሳቀሰው ፈንዱ ውስጥ ከሚወጣው የበለጠ ገንዘብ ሲገባ ወይም ከሚገባው የበለጠ ሲወጣ ነው።

ገበያ ተከታታይ፦ 2013ን ዘላችሁ ማለፍ አትችሉም። በዚያ ዓመት ከዓለም ኢቲኤፎች ከ800 ቶን በላይ ወርቅ ወጣ። ዋጋው ከሩብ በላይ ወደቀ። ታዲያ ወርቁ የት ሄደ? ከለንደን ካዝና ወደ ስዊዘርላንድ ማቅለጫዎች። እዚያ ትልቁ ጥፍጥፍ ቀልጦ፣ ይበልጥ ጠርቶ፣ የእስያ ገዢ በሚወደው የአንድ ኪሎ ልክ ተሠራ። ከዚያ በሆንግ ኮንግ በኩል ቻይና ገባ። የምዕራቡ ባለሀብት ሲሸሽ የምሥራቁ በርካሽ አፈሰው።

ጠርጣሪው፦ ይኸው! ኢቲኤፉ ሲሸጥ ነው እውነተኛው ገዢ የተነሳው። ሲገዛ ደግሞ ዋጋ አስወድዶ ያባርረዋል። 2020ን እዩ፤ ፈንዶቹ በገፍ ሲገዙ የጌጣጌጥ ሽያጭ አሽቆለቆለ።

ገበያ ተከታታይ፦ ወረርሽኝ ነበር እኮ! ጌጥ ቤቱ ራሱ ዝግ ነበር። ዋጋው ምንም አላደረገም አልልም፤ ሁሉንም ለኢቲኤፍ ማሸከም ግን ግፍ ነው።

የብር ወዳጅ፦ ወርቅ ወርቅ አላችሁ። እስቲ ብርን እዩ፣ ማዕድኑን። በ2006 አንድ ትልቅ የብር ፈንድ አሜሪካ ላይ ሊወጣ ሲል የተቃወመው ማን መሰላችሁ? ብርን ለምርት የሚጠቀሙ ኩባንያዎች ማኅበር። ገበያውን ያደርቅብናል ብለው ነው። የፈንዱ ድርሻ ብሩን የሚተካ ቢሆን ምን አስፈራቸው? በ2021 ጥር መጨረሻ ደግሞ በኢንተርኔት የተጠራሩ ትንንሽ ገዢዎች ወደ ብር ሲጎርፉ፣ ፈንዱም ሳንቲም ሻጩም እኩል ተጨናነቁ። ፈንዱ በቀናት ውስጥ ሰነዱን አሻሽሎ በቂ ብር ላይገኝ ይችላል ሲል አስጠነቀቀ። መተካካት ቢሆን አንዱ ሲሞላ ሌላው ይጎድል ነበር።

ካዝና ጠባቂ፦ የጡረታ ፈንዶችንም ጨምርበት። ጥፍጥፍ ገዝተው የት ያስቀምጡታል? ድርሻው ባይኖር ብዙዎቹ ወደ ወርቅ ዝርም አይሉም ነበር።

ጠርጣሪው፦ እሺ፣ ሳንቲም ገዢውን አልቀማም እንበል። ግን ጌጥ ተገዝቶ ስንት ዓመት አንገት ላይ ይኖራል። ካዝና የገባው ነገ ስሜት ሲቀየር ተመልሶ ገበያ ላይ ይፈሳል። በ2022 እና 2023 ከፈንዶች ወርቅ እየወጣ ዋጋው ያልተሰበረው፣ ማዕከላዊ ባንኮች በየዓመቱ ከ1,000 ቶን በላይ ስለገዙ ነው። እነሱ ባይኖሩ የ2013ን ድጋሚ እናይ ነበር። ስለዚህ ፍላጎት አትበሉኝ፣ ክምችት በሉት።

ካዝና ጠባቂ፦ በክምችት እስማማለሁ። ግን እስኪወጣ ድረስ ማንም አይነካውም። ፓላዲየም በተባለው ውድ ማዕድን ፈንዶች ላይ ታይቷል፤ ከ2015 በኋላ ዋጋው ሲወጣ ባለድርሻዎች ሸጡ፣ ከካዝና የወጣውም የመኪና ጭስ ማጣሪያ ለሚሠሩት የእጥረት ማስታገሻ ሆነ።