ኮሎራዶ ስኪ ለመሄድ የትኛው ወር ይሻላል? ከጥምቀት በፊት ወይስ በኋላ?

ጀልባ ነጂው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ። ሥራዬ ጀልባ ላይ ነው፤ ከወደቡ ወደ ዘጌ፣ ወደ እንጦስ፣ ወደ ደብረ ማርያም ሰው አመላልሳለሁ። ታላቅ እህቴ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ የምትባል ከተማ ትኖራለች። ቪዛው ተመቶልኛል፤ ትኬቱን እሷ ትቆርጣለች። ልጆቿ ግን የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አጎቴ፣ ስኪ አብረን እንሄዳለን አይደል?» ትንሹ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ስኪውን እግሩ ላይ አስሮ በረዶ ላይ ቁልቁል ሲንሸራተት የተቀረጸውን ቪዲዮ በየሳምንቱ ይልክልኛል። እሺ ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ።

የከበደኝ ጊዜው ነው። እህቴ በፈረንጆቹ ገና ና ትለኛለች፤ ልጆቹ ያኔ ትምህርት ይዘጋሉ። ለእኔ ደግሞ እንጀራዬ ያለው በዚያ ወቅት ነው። ሥራ የሚኖረው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው። ገና አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም አለች። ከዚያ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ ወደ ዑራ የሚሻገረው ሰው ብዙ ነው። ያን ቀን ጀልባ አቁሜ ልሂድ ብል እናቴም አትፈቅድልኝም። ገበያው እንደ ድሮው ስላልሆነ የተገኘችውን ቀን ማጣት አልፈልግም።

በረዶ ሲባል የማውቀው ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። ከኪዳነ ምሕረት በኋላ ብሄድ ቀልጦ ይጠብቀኛል? ለጀማሪ የሚሻለውስ መቼ ነው? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ጊዮን ማዶ፦

ወንድሜ፣ እኔ ኅዳርን እመክርሃለሁ። የአውሮፕላን ትኬት ከገናው ግርግር በፊት ይረክሳል። አንዳንዶቹ የስኪ ቦታዎች ጥቅምት ላይ ሁሉ ይከፍታሉ። አራፓሆ ቤዝን፣ ኪስቶንና ላቭላንድ ማን ቀድሞ ይከፍታል እየተባለ በየዓመቱ ይፎካከራሉ። ለገና ባሕር ዳር ትደርሳለህ።

ደንገል፦

ወንድሜ፣ ኅዳር አትሂድ። ጊዮን ማዶ ያለው እውነት ነው፣ ይከፍታሉ። የሚከፈተው ግን ከተራራው ጥቂቱ ነው፤ እሱም አብዛኛው በማሽን የተረጨ በረዶ ነው። በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ጎበዙም ጀማሪውም አንድ ላይ ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቆም ሰው ከኋላው በፍጥነት የሚመጣ ሰው መስማት በጣም ያስፈራል።

እኔም የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ተመልሼ አሁን እዚሁ እኖራለሁ። ከመመለሴ በፊት ኮሎራዶ ተራራው ላይ፣ ስኪ የሚያከራይ ሱቅ ውስጥ ሰባት ክረምት ሠርቻለሁ። ክረምት ስል የእነሱን ማለቴ ነው። ሥራዬ ጫማ ማስለካት ነበር። ስንት ሰው በደስታ ወጥቶ ከቀትር በፊት እያለቀሰ ጫማውን ሲመልስ አይቻለሁ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ቀን ሲመርጥ ነው።

ጀልባ ነጂ ነህና በጣና ላስረዳህ። ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ሐይቁ ጢም የሚለው ግን መቼ ነው? መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ። ግልገል ዓባይ፣ ርብና ጉማራ ያመጡለትን አጠራቅሞ፣ ሰማዩ ከጠራ በኋላ ነው የሚሞላው። የኮሎራዶ ተራራም እንደዚያው ነው። ብርዱ የሚከፋው ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። የበረዶው ክምር ግን እየተደራረበ ሄዶ ከፍ የሚለው ወደ መጋቢት መጨረሻ ነው። የፈረንጆቹ ማርች ራሱ ብዙ በረዶ ከሚጥልባቸው ወራት አንዱ ነው። ስለዚህ ይቀልጥብኛል ብለህ አትስጋ። አራፓሆ ቤዝን ላይ ግንቦት ሲጋመስ ሰው ሲንሸራተት በዓይኔ አይቻለሁ።

የፈረንጆቹ ገና ደግሞ ዋጋው የሚሰቀልበት፣ ሰልፉ የሚረዝምበት ሳምንት ነው። በትልልቆቹ ቦታዎች የቀን ትኬት መስኮት ላይ ሲገዛ ከ200 ዶላር በላይ ነው። ያን ከፍለህ ግማሹን ቀን ለሊፍት፣ ማለትም ወደ ላይ ለሚያወጣው ተንጠልጣይ ወንበር፣ ተሰልፈህ ትቆማለህ።

የራሴን ልንገርህ። እኔ መጀመሪያ የወጣሁት ጥር ላይ ነው። ከዜሮ በታች ወደ 20 ዲግሪ ነበር። ሊፍቱ ላይ ተቀምጬ ነፋሱ ሲመታኝ ጣቶቼ ያሉ አልመስል አሉኝ። የዓይኔ ሽፋሽፍት ላይ ውርጭ ያዘ። መምህሩ የሚለውን ሁሉ እሰማለሁ፤ ጉልበቴ ግን አይታጠፍም። ከቀትር በፊት አቁሜ ወረድኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ተራራው ሥር እየሠራሁ አንድም ቀን አልወጣሁም። በሦስተኛው ዓመት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ማርች ላይ እየጎተተች ወሰደችኝ። ፀሐይ ነበረ። ጃኬቴን ከፍቼ ነው የተማርኩት። ስወድቅ በረዶው ለስላሳ ነው፣ ተነሥቼ እስቃለሁ። ያው ተራራ፣ ያችው እኔ ነኝ። ለዚህ ነው አጥብቄ የምነግርህ፤ የመጀመሪያ ቀንህን ለብርድ አትስጠው።

እንግዲህ ቀኑን እንቁጠር። ፌብሩዋሪ ላይ፣ በወሩ ሦስተኛ ሰኞ፣ የፕሬዚዳንቶች ቀን የሚሉት በዓል አለ። ያ ረጅም ቅዳሜና እሁድ ጭንቅንቅ ነው። በእኛ ቢዘገይ በየካቲት 14 ያልፋል። ከማርች አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ የትምህርት ቤቶች የፀደይ ዕረፍት ይመጣል፤ ከቴክሳስ ሁሉ ሰው ይጎርፋል። በሁለቱ መካከል ጸጥ ያሉ ሁለት ሳምንታት አሉ። ከየካቲት 17 እስከ 30 ማለት ነው። አየህ፣ ኪዳነ ምሕረትን አንግሠህ በማግስቱ መነሣት ትችላለህ። ዓድዋን ተራራ ላይ ታከብራለህ።

ከሳምንቱ ማክሰኞን ወይም ረቡዕን ምረጥ። ሊፍቱ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ይከፈታል፣ 10 ሰዓት ላይ ይዘጋል። በዚያ ወቅት ሌሊት የጠጠረው በረዶ ጠዋት እንደ ሸክላ ነው፤ ስኪው ይንሸራተትብሃል እንጂ አይታዘዝልህም። ፀሐይ ሲመታው ቆይቶ ይለሰልሳል። ስለዚህ አትቸኩል፣ 4 ሰዓት ላይ ጀምር። ከሰዓት በኋላ ሞቅ ካለ ደግሞ እንደ ሊጥ ይከብድና እግር ይይዛል። እግርህ ሲደክም አቁም። ሌሊት አዲስ ከጣለ ግን ሌላ ነገር ነው። የጤፍ ዱቄት በለው፤ በእጅህ ዘግነህ ብትነፋው ብን ይላል።

ለመጀመሪያው ቀን ትምህርቱን፣ ኪራዩንና የለማጆቹን ሊፍት አንድ ላይ የያዘ ጥቅል ይሸጣሉ። እህትህ ቀደም ብላ በኢንተርኔት ትግዛልህ። ላቭላንድ ለዴንቨርና አጠገቧ ላለችው ኦሮራ ቅርብ ነው፤ ከትልልቆቹም ይረክሳል።

አሁን ስለ ጫማው፣ ይህ የእኔ ሙያ ነውና ስማኝ። ሰው ሁሉ ይበርደኛል ብሎ ሁለት ካልሲ ይደርባል። እግሩ ይጨመቅና ደሙ አይዘዋወርም፣ ከዚያ ይብስ ይበርደዋል። አንድ ስስ የሱፍ ካልሲ ብቻ አድርግ፤ እስከ ጉልበትህ የሚደርስ። ሱሪህን ጫማው ውስጥ አትክተት። እግርህን ካስገባህ በኋላ ተረከዝህን ሁለት ሦስት ጊዜ መሬት ላይ ወደ ኋላ ምታው፣ ከዚያ መቆለፊያውን እሰር። ቀጥ ብለህ ስትቆም አውራ ጣትህ የጫማውን ጫፍ መንካት አለበት። ጉልበትህን አጥፈህ ወደ ፊት ስትደገፍ ደግሞ ትንሽ መራቅ አለበት። ቅልጥምህ ፊት ለፊት ተደግፎ ከተሰማህ፣ ተረከዝህም ካልተነሣ ልክህ ነው። ሰፊ ስጡኝ እንዳትል። ሰፊ ጫማ ምቹ ይመስላል እንጂ ስኪውን ማዘዝ አትችልም።

ጂንስ አትልበስ። ከረጠበ አይደርቅም። እህትህ ውኃ የማያስገባ ሱሪ ከሰው ትዋስልህ፤ እዚያ የሌለው ሰው የለም።

ከፍታው እንዳይረሳህ። ዴንቨር 1600 ሜትር ገደማ ነው፤ ባሕር ዳር 1800 ነን። እዚያ ድረስ አይሰማህም። የላቭላንድ ግርጌ ግን 3300 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከደብረ ታቦር በጣም ይበልጣል። ሁለት ሦስት ቀን ኦሮራ ዕረፍ፣ ከዚያ ውጣ። ውኃ ጠጣ። ፊትህንም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተቀባ፤ በረዶው የፀሐይን ብርሃን መልሶ ይወረውርብሃል። የእኛ ቆዳ አይቃጠልም የሚለውን አትስማ፣ አፍንጫዬ ተልጦ አይቻለሁ።

ዴንቨር ሹፌር፦

እህቴ ሁሉንም ብላዋለች። እኔ መንገዱን ልጨምር። በሥራ ቀን ከሄድክ ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው፣ ያ ትንሹ ደግሞ ቅር ይለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ማክሰኞ ብቻህን ተማር፣ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ውጣ። ቅዳሜ ግን በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ውጡ። ሀይዌይ 70 ላይ ከዚያ ካረፈዳችሁ ሰዓታት በሰልፍ ያልቃሉ። ሲመለሱም ያው ነው፤ ሊፍቱ ሲዘጋ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ይወርዳል። የመኪናዋን ጎማ ደግሞ ቀድማችሁ እዩ። በዚያ መንገድ ላይ ለበረዶ የማይሆን ጎማ በሕግ ያስቀጣል።

የዘጌ ልጅ፦

ስለ ስኪ ከተነሣ ሮቤል ተክለማርያምን እናንሣው። በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ተወዳድሯል። እሱ ይወዳደር የነበረው በረጅም ርቀት ነው፣ ሜዳውንም ዳገቱንም በስኪ የሚሄዱበት። ለወንድምህ ልጅ፣ ይቅርታ ለእህትህ ልጅ ንገረው፤ ደስ ይለዋል።

ጀልባ ነጂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እታለም ደንገል፣ የጻፍሽውን ለእህቴ በስልክ አነበብኩላት። የጣናውን ስትሰማ ዝም አለች፤ ቆይታ «ልክ ናት፣ እኛ እኮ ልጅ ሆነን ጥቅምት ላይ ነበር ውኃው ደጃፍ የሚደርሰው» አለችኝ። የካቲት 18 እንድትቆርጠው ተስማምተናል። ሮቤልን ደግሞ ትንሹ አያውቀውም ነበር፣ አሁን ፎቶውን ፈልጎ ስልኩ ላይ አድርጎታል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ዐቢይ ጾም ከገባ ተራራው ላይ ምን እበላለሁ?

ደንገል፦

የራስህን ያዝ። ግርጌው ላይ ባሉት ቤቶች ውስጥ የራሱን ምሳ አምጥቶ የሚበላ ሰው ሞልቷል፣ ማንም አያይህም። እህትህ ሽሮውን በቴርሞስ ታድርግልህ። ኪስህ ውስጥ ቆሎ አይጥፋ፤ ሊፍት ላይ ተቀምጠህ ትቆረጥማለህ። እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የማደርገው።

ደግሞ ካልሲ እንዳትገዛ። ያልተነካ ጥንድ አለኝ፣ መነጽሩም አለ። ቅዳሜ ጠዋት ወደቡ ላይ ነህ? ይዤልህ እመጣለሁ።